ቃርሚያ እና ቡሌ



በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካፌ የበላችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ምሳ አብቅቶ ተማሪው ሲወጣ በየትሪው ላይ ቁራሽ እንጀራ፣ ያልተነካ ዳቦ፣ ጥቂት ወጥ ይቀራል፤ ሁሉም ወደ አንድ በርሜል ይገለበጣል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የሚቀምሰው ያጣ ሰው አለ። "ለምን ሰብስበን አንሰጥም?" የሚል ጥያቄ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ መልካም ጥያቄ ነው። ከመሰብሰባችን በፊት ግን የምንሰጠው ምን እንደሆነ እንጠይቅ።

አዲስ አበባ ለዚህ ምግብ ስም አላት፤ ቡሌ ትለዋለች። ከሆቴልና ከምግብ ቤት የሚሰበሰብ ትርፍራፊ ነው፤ በጥቂት ብር እየተሸጠ የስንቱ ድሃ ቀን ያልፍበታል። ቡሌን መናቅ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። በልቶት ያደረ ሰው ግን ጦሙን አላደረም፤ ስለዚህ "ቡሌ አይሰጥ" ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላ ቃል ይሰጠናል፤ ቃርሚያ። ዘሌዋውያን 19ን ስታነቡ ጊዜውን አስተውሉ። ባለ እርሻው አጭዶ፣ ወቅቶ፣ በልቶ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ለድሃ ይላክ አልተባለም። ማጭዱ ገና በእጁ ሳለ የእርሻውን ዳርቻ እንዲተው ነው የታዘዘው። የድሃውና የመጻተኛው ድርሻ የሚለየው ባለቤቱ አንድ ጉርሻ ከመቅመሱ በፊት ነው።

ሩት ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ቆም በሉ። ቦዔዝ አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እንዲጥሉላት፣ እንዳያሳፍሯትም ያዝዛል። በምሳ ሰዓት ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጣ የተጠበሰ እሸት ትቀበላለች። በልታ ትጠግባለች፤ ይተርፋታልም። የተረፋትን ለአማቷ ለኑኃሚን ይዛላት ትሄዳለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትርፍ ምግብ ለሰው ያደረሰው ባለጠጋው አይደለም፤ ቃራሚዋ ናት። ቦዔዝ የሰጣት እርሷም ሰጪ እስክትሆን ድረስ ነው። የእኛ ስጦታ ተቀባዩን እዚህ ያደርሰዋል ወይ?

"ጌታስ አምስት ሺህ ሰው መግቦ ቁርስራሹን አላሰበሰበም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አሰብስቧል፤ አሥራ ሁለት መሶብ ሞልቷል። ምግብ መባከኑን አልወደደም። ያ ሁሉ ሕዝብ የጠገበው ግን ከአንድ ብላቴና አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነው፤ የብላቴናው ስንቅ ነበር እንጂ ትርፉ አልነበረም።

አገራችን የዚህ ዓይነት ተማሪዎች ነበሯት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ይሸፋፍን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ሲታይ፣ ተማሪዎቹ ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለረሃብተኛው እንዲሆን ወሰኑ። የሰጡት ገና ያልቀመሱትን ነው። (የተማሪው እንቅስቃሴ መሪዎች አብዛኞቹ ማርክሲስቶች እንደነበሩ ሳስብ፣ ዘሌዋውያንን የምናነብ እኛ ትንሽ ልናፍር ይገባናል።)

ትርፍ መሰብሰብም ቢሆን በክብር ሊደረግ ይችላል። በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ፉድ ሪከቨሪ ኔትወርክ የተባለውን ሥራ ሲጀምሩ የሰበሰቡት ከሰው ትሪ ላይ የቀረውን አይደለም፤ ከመመገቢያ አዳራሹ ሳይሸጥ የቀረውን ንጹሕ ምግብ ነው። ሥራው ከዚያ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቷል። እኛም ብንጀምር ከበርሜሉ ሳይሆን ከድስቱ እንጀምር። የወጥ ቤቱን ኃላፊዎች አስፈቅዱ፤ ለተማሪው ከመቅረቡ በፊት በንጹሕ ዕቃ ተለይቶ ይከደን። በአሶሳ ሙቀት ወጥ ቶሎ ይበላሻል፤ በዕለቱ ካልደረሰ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ በሽታ ይሆናል። ዳቦ ይሻላል።

ማን እንደሚበላውም አስቡ። በክልላችን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከካማሺና ከመተከል ብዙ ሰው በግጭት ተፈናቅሏል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ከእነዚህም ከአሶሳ ጎረቤቶቻችንም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያን ያረደው ሥጋ የገባበትን ወጥ ወስዳችሁ ብትሰጧቸው፣ የተራበ ሰው በረሃቡና በሃይማኖቱ መካከል እንዲመርጥ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሽሮና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ትራክት ከዳቦው ጋር ጠቅልሎ መስጠትም አይታየኝም፤ ቦዔዝ እህሉን የሰጠው ሞዓባዊቷን ምንም ሳያስፈርም ነው። ስለ ጌታ የሚጠይቃችሁ ካለ መልሱለት፤ ምግቡ ግን ዋጋ አይጠየቅበት።

በማንጎ ወቅት ደግሞ ነገሩ ይቀላል። በአሶሳ ከየዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰውን ማንጎ አይታችኋል። ከመውደቁ በፊት ለቅሙት፤ ባለ ግቢውን አስፈቅዱ፤ ከተቀባዮቹም መልቀም የሚችሉትን ይዛችሁ አብራችሁ ልቀሙ።

ምግቡን የተቀበለች እናት "ቡና ላፍላላችሁ፣ ቁጭ በሉ" ካለቻችሁ ደግሞ "ክፍል አለን" ብላችሁ አትሂዱ። ሦስተኛው እስኪወርድ ቁጭ በሉ።