ስለ ዕርቅና ስለ ዱላ

በአገራችን ልማድ ባልና ሚስት በተጣሉ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው የነፍስ አባት ነው። እርሱም መስቀሉን ይዞ ይመጣል፤ «ይቅር ተባባሉ» ይላል፤ ጠቡም አለቀ ይባላል። ነገር ግን የተደበደበችውን ሴት ከደበደባት ሰው ጋር እኩል ይቅርታ አስጠይቆ ወደዚያው ቤት መመለስ ዕርቅ ነውን? ይህን የምጽፈው ካህናትን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሌሊት ተጠርተው በሁለቱ መካከል የቆሙ ብዙዎች አሉና።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች የተላከችውን የመጀመሪያይቱን መልእክት ሲተረጉም፣ በ26ኛው ድርሳኑ፣ ሚስትን ለመምታት የሚያበቃ በደል ከቶ እንደሌለ አስተምሯል። እኛ ግን ከእርሱ ይልቅ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት ሰምተናል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ የሚገባበት ምክንያት አለ ያሉት ከ100 ወንዶች 28፣ ከ100 ሴቶች ግን 63 ነበሩ። ዱላው ከገላ አልፎ ወደ ኅሊና ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ካህኑ አስቀድሞ ሚስቲቱን ለብቻዋ ይስማት፤ ወደ ቤቷ ለመመለስ ትፈራ እንደ ሆነ ይጠይቃት። ከፈራች በዘመድ ወይም በጎረቤት ዘንድ ታርፍ ዘንድ ይርዳት፤ ብትቈስል ሐኪም ይያት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በ564ኛው አንቀጽ፣ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ወንጀል አድርጎታልና፣ ልክሰስ ብትል «ገመናሽን አታውጪ» ብሎ አይከልክላት። ቀኖናው ለመቺው ነው።

ዕርቁስ? ሰውዬው እጁን ሰብስቦ፣ እርሷም ያለ ፍርሃት መተኛት ከጀመረች በኋላ ይምጣ፤ ካልመጣም እርሷ በደለኛ አትባል።