«ደኅና ነኝ» ስለ ማለት

ሐሰት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሌባ በዳኛ ፊት ቆሞ «አልሰረቅሁም» ሲል ይዋሻል፤ ነጋዴ ውሃ የቀላቀለበትን ወተት «ንጹሕ ነው» ብሎ ሲሸጥ ይዋሻል፤ ሕመምተኛም ሊጠይቁት ለመጡት ሰዎች ከአልጋው ቀና ብሎ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። የፊተኞቹ ሁለቱ የዋሹት ለጥቅማቸው ነው፤ የኋለኛው ግን ጠያቂዎቹን ላለማስጨነቅ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ሐሰተኛ እንበለው ወይስ ጨዋ? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክብደቱን እኔ ያየሁት በምኖርበት በሳሪስ አቦ ሰፈር፣ ኮሮና በተባለው በሽታ ዘመን ነው።

የቀድሞ ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። የሰሜን አፍሪካው አውግስጢኖስ ሐሰትን በስምንት ዐይነት ከፍሎ፣ ክብደታቸው ቢለያይም ሁሉም ኃጢአት ናቸው ብሏል። ካንት የተባለው የጀርመን ፈላስፋ ደግሞ በ1797 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ መጥቶ ወዳጅህ የተሸሸገበትን ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም እስከ ማለት ደርሷል። ከእንደነዚህ ካሉ ሰዎች ጋር መከራከር የእኔ ዐቅም አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም አብልጠው የመረመሩት ተናጋሪውን ነው። እኔ ስለ ሰሚው ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ።

በአገራችን ሥርዓት ሰላምታ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የገጠር ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። «እንዴት ሰነበትህ?» ይባላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይመለሳል። ደግሞ «ደኅና ነህ ወይ?» ይባላል፤ «ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ከብቱስ? እርሻው እንዴት ነው?» እየተባለ ይቀጥላል። ከተማ ያደገ ወጣት ይህን ሲሰማ ጊዜ ማባከን ይመስለውና ይስቃል። ነገሩ ግን ጥበብ አለው። የመጀመሪያው «ደኅና ነኝ» ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው እንጂ ስለ ኑሮ የሚነገር ወሬ አይደለም። እውነቱ የሚመጣው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ «ከብቱስ?» ሲሉት «አይ፣ አንዱ በሬ ሞተብኝ» ይላል። በፊት ደኅና ነኝ በማለቱ ዋሸ የሚለው የለም። ነገሩ ወደ ሐሰት የሚለወጠው ጠያቂው በመጀመሪያው መልስ ረክቶ የሄደ እንደ ሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሐሰቱ የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም።

እናንተ በዚያን ጊዜ ልጆች ስለ ነበራችሁ ጥቂት ላስታውሳችሁ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው ዐርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ማግሥቱ መጋቢት 5፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነበር፤ ይህ ቀን ለሳሪስ አቦ ሰው ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። በዚያ ሰሞን ሰው ከወዳጁ ጋር ሲገናኝ ጉንጩን ለመሳም ካዘነበለ በኋላ ትዝ ሲለው ቀጥ ይል ነበር፤ አንዳንዱ በክርኑ፣ አንዳንዱ በእግሩ ጫፍ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያስቅ ነበር። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁን ተከትሎ የወጣው ደንብም መጨባበጥን ከለከለ። እስከዚያ ድረስ አፍ ደኅና ነኝ ሲል እጅ ሌላ ይናገር ነበር፤ የጨበጥነው እጅ መክሳቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ትኩሳቱን ይነግረን ነበር። አሁን ግን ቃል ብቻ ቀረ።

ይህ በዓለም ሁሉ የሆነ ነገር ነው። በሜዲቴራኒያን ባሕር ደሴቶች፣ በቆጵሮስና በማልታ፣ ፀሐዩንና ባሕሩን ወደው ከሰሜን አውሮፓ መጥተው የሚኖሩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። በቆጵሮስ በሽታው በገባበት ወራት ከቤት መውጣት የሚፈልግ ሰው በስልክ መልእክት ልኮ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የልደት በዓል ሲደርስም ብዙ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወደ ዘመዶቻቸው መሄድ ሳይሆንላቸው ቀርቶ፣ ስልካቸውን ከሳህናቸው አጠገብ አቁመው ብቻቸውን በሉ። ኀዘናቸው እውነተኛ ኀዘን ነው፤ አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ እነርሱ የሄዱት ወደው ነበር፤ ፓስፖርታቸውም በገዛ ኪሳቸው ነበር። ከቆጵሮስ በስተ ምሥራቅ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ባለችው በቤሩት ከተማ የነበሩት እኅቶቻችን ኑሮ ግን ከዚህ የራቀ ነው።

በሊባኖስ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያ አገር ከፋላ የሚባል ሥርዓት አለ። ይኸውም የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤቱን ትታ የወጣች እንደ ሆነ ሕገ ወጥ ትባላለች። ፓስፖርቷ ተወስዶ የሚቀመጥባት፣ በር የሚቆለፍባት ብዙ ናት። የቤሩት ሰው በኮሮና ምክንያት በየቤቱ ሲዘጋ፣ ባለቤቶቹ ለጥቂት ሳምንታት የቀመሱት ሕይወት ለእርሷ የዓመታት ኑሮዋ ነበር። በዚህ ላይ የአገሩ ገንዘብ ወደቀ። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1500 ሊራ ገደማ ሲመነዘር ኖሮ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጥቁር ገበያ ከ8000 ሊራ በላይ ሆነ። የብዙዎቹ ደመወዝ ቆመ። በ2012 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው፣ ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በራፍ ላይ ጥለዋቸው መሄድ ጀመሩ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ የቤሩት ወደብ ፈነዳ፤ ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ።

ከዚያ ገና ደረሰ። የአገሩ ክርስቲያኖች ልደትን በታኅሣሥ 16 ሲያከብሩ መንግሥቱ ገደቡን አላልቶ ነበር፤ ምግብ ቤቱም ጭፈራ ቤቱም ተከፍቶ ነበር። ከበዓሉ በኋላ በሽታው በረታ፤ ስለዚህ አገሩ እንደ ገና እንዲዘጋ ተወሰነ። የሚዘጋበትም ቀን ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ሆነ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። በእነርሱ ገና የተሠራው ዕዳ የተከፈለው በእኛ ገና ነው ማለት ይቻላል። ክፋት ነበር አልልም፤ ቀኑን የመረጡት ሰዎች የእኛ በዓል ትዝ አላላቸውም፤ ይኸው ነው።

በዚያ ቀን በጎረቤቴ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። እትዬ (ስማቸውን አልጽፍም) ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ቤሩት የምትሠራው ታላቋ ልጃቸው በምትልከው ገንዘብ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዶሮው ወጥቷል፤ ድፎ ዳቦው ተቆርሷል። ቡናው ሲፈላ በኢሞ ተደወለና ልጅቱ ነጠላ ተከናንባ በስልኩ ላይ ታየች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰባት ሰዎች ተቀባበሉት፤ ሰባቱም «እንኳን አደረሰሽ፤ እንዴት ነሽ?» አሏት፤ ለሰባቱም «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ደኅና ነኝ» አለቻቸው። አክስቷ «ዶሮ በላሽ አይደል?» አሏት። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱን በእጁ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። «እንዴታ! ማዳም ፈቅዳልኝ ሠራሁ» አለች፤ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ለእኔ ሳይደርሰኝ መስመሩ ተቋረጠ። በገጠሩ ሰላምታ አንድ ሰው ሰባት ጥያቄ ይጠይቃል፤ እዚህ ግን ሰባት ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ስኒውን እየሰበሰቡ «ጋሼ፣ ከኋላዋ ያለውን አዩልኝ?» አሉኝ። «ሁልጊዜ ነጭ ግድግዳ ነው። በፊት መስኮቱን፣ የመንገዱን ዛፍ ታሳየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቋትም?»

«ብጠይቃት ትነግረኛለች። ከነገረችኝ ነይ ልላት ነው። ነይ ካልኋት የቤቱን ኪራይ ማን ይከፍላል? የእነዚህንስ ትምህርት ቤት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

እኚህን ሴት ጨካኝ እናት ናቸው የሚል ሰው ቢኖር ችግር በበሩ ያላለፈበት ሰው ነው። ነገር ግን ቃላቸውን ደግመን እንየው። «አላወቅሁም» አላሉም፤ «ከጠየቅሁ ግዴታ ይመጣብኛል» ነው ያሉት። እንግዲህ «እንዴት ነሽ?» ማለት መልሱ ምንም ይሁን ምን ለመቀበል መዋዋል ነው። ልጅቱም ከዚያ ማዶ ይህን ታውቀዋለች። ውሉን ሊፈርም የሚችል ሰው እቤት እንደሌለ ስላወቀች ደኅና ነኝ አለች፤ በፈቃዳችን ዋሸች ማለት ነው። እዚህ ላይ ከዚያ ሕመምተኛ ትለያለች። ሕመምተኛው ደኅና ነኝ ብሎ በመዋሸቱ ጠያቂዎቹ የሚያገኙት ጥቅም የለም። የእርሷ «ደኅና ነኝ» ግን ኪራይ ይከፍላል፣ ደብተር ይገዛል፣ ዶሮም ይሆናል። ጥቅም የሚገኝበት አለማወቅ ንጹሕ አለማወቅ አይደለም።

አንድ ተቃውሞ ይነሣብኛል፤ ከባድም ተቃውሞ ነው። ሰው ሁሉ ችግሩን የመሰወር መብት አለው፤ በሰው አገር የምትደክም ሴት እንዲያዝኑላት ላትፈልግ ትችላለች፤ ኩራቷ የቀራት አንድ ሀብቷ ይሆናል ይባላል። እቀበላለሁ። በሩ ሲንኳኳ አልከፍትም ማለት መብቷ ነው። ነገር ግን ማንም ያላንኳኳውን በር እርሷ ዘጋችው ልንል አንችልም። ኩራት የምንለውም ብዙ ጊዜ እኛው ራሳችን የሰጠናት ስም ነው፤ ይመቸናላ!

ያንኳኳው ከሁለቱ ልጆች ታላቁ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው ነው። በዚያ በዓል አዲስ ስልክ እንድትልክለት ሊለምናት አስቦ ነበር። ማታ ለብቻው ሆኖ ልመናውን ሊጽፍላት ሲጀምር ሌላ ነገር ጻፈ፤ «ዶሮውን ከማን ጋር በላሽው?» አላት። የኛ ሰው ዶሮ ወጥ ብቻውን እንደማይበላ ልጁ ያውቃል። መልሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጣ። «ብቻዬን። ዶሮም አልነበረም።» ከዚያ በኋላ የቀረውን ጻፈችለት። ደመወዝ ካየች አምስት ወር ሆኗታል፤ ትልክ የነበረው ከጓደኞቿ የተበደረችውን ነው፤ የምትተኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ነጩ ግድግዳም የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ነው፣ ሳትሰማ ስልክ መነጋገር የምትችለው እዚያ ብቻ ስለ ሆነ። ለእናቷ እንዳይናገርም አስማለችው።

ልጁ በማግሥቱ ወደ እኔ መጥቶ ልናገር ወይስ አልናገር ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መሐላውን ለጊዜው እንዲያቆየውና በፊት ሒሳብ እንዲሠራ ነገርሁት፤ «ነይ» ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ሳያውቁ እናትን ማስደንገጥ ለእኅትም አይጠቅምምና። ሒሳቡን ሠራ። ስልኩ ቀረ፤ ከሁለቱ ክፍል አንዱ ሊለቀቅ ሆነ፤ እርሱም ከትምህርት በኋላ በደብረ ዘይት መንገድ ባለ ጋራዥ መኪና እያጠበ የሚያገኘው ተደመረ። ሁሉም ተደምሮ አልሞላም፤ ነገር ግን ከባዶ ይሻላል። ወረቀቱን ይዞ ለእናቱ ነገራቸው። እትዬ በመጀመሪያ የተቆጡት በማዳም ሳይሆን በልጁ ነበር። ሁለት ቀን አላናገሩትም።

ጥር 5 ቀን፣ ከአቦ ሲመለሱ፣ ደውለው «ነይ» አሏት። ማግሥቱ የሊባኖስ መንግሥት እገዳውን ሙሉ ቀን አድርጎ አጠበቀው፤ ከቤት መውጣት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ የተሻለ ነገር ወዲያው አልመጣም። ልጅቱ እስከ ግንቦት ድረስ እዚያው ወጥ ቤት ተኛች፤ ነገር ግን ማዳም ስትተኛ በየሌሊቱ የቀኑን ውሎ ትጽፍላቸው ነበር፤ እትዬም ማንበብ ስለማይችሉ ልጁ ያነብላቸው ነበር። አንድ ቀን «ማር ማር የሚል ነገር ጽፋልኝ እንደ ሆነ ዝለለው፤ እውነቱን ብቻ አንብብ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

በግንቦት በአንድ ሻንጣ መጣች። ያልተከፈላት ደመወዝ እዚያው ቀረ። ቤተ ሰቡ ወደ አንድ ክፍል ገባ፤ የልጁም የዚያ ዓመት ውጤት ዝቅ አለ። እትዬ ይህን እየቈጠሩ «ባላውቅ ይሻል ነበር፤ አንድ ዓመት ብትታገሥ ያልፍላት ነበር» ይሉኛል። እኔ የማምነውን እመልስላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም የሚያምኑትን ይመልሱልኛል። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ልጅቱን ራሷን ጠይቀናት እናውቃለን፤ አንዳንድ ቀን የእናቷን ሐሳብ ትደግፋለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእኔን።