ገዛሁት ስል

«ትንሽ ባሕር ልገዛ ነው» አልኳት እህቴን በስልክ።

«ባሕርን የሚገዛው እግዚአብሔር ነው» አለችኝ።

እህቴ በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድም። እኔ የነገርኳት ስለ ግዢ ነበር፤ እሷ የሰማችው ስለ ግዛት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቃሉ አብሮኝ ሰነበተ። በአማርኛችን ገበያ ወጥቶ ጨው የሸመተውም ገዛ ይባላል፤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሀገር ያስተዳደረውም ገዛ ይባላል። ሰው የባሕርን ዓሣና የሰማይን ወፍ እንዲገዛ መታዘዙን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሲነበብ ሰምቻለሁ። የትኛው መግዛት እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የባሕር ነገር ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ ወጣትነቱ ምጽዋ ላይ አለፈ። የድሮዋ ምጽዋ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን፣ በዳህላክ ደሴቶች ዳርቻ ከውሃው ሥር አበባ የሚመስል ነገር ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቶ እንደሚታይ የነገረን እሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሁሉም ሲበተን በካልሲ ጠቅልሎ ይዞት የመጣው መዳፍ የሚያህል ነጭ ኮራል ዛሬም አዲስ አበባ፣ ቤታችን ቡፌ ላይ አለ። ልጅ ሳለሁ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። «በሕይወቱ ነጭ አልነበረም» ይለኝ ነበር አባቴ። ነገሩ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ኮራል እንስሳ ነው። ጥቃቅን አፎች በሺህ ተሰብስበው ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ እየገነቡ ይኖራሉ። ቀለሙን የሚሰጡት በሥጋው ውስጥ የተጠለሉ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ያስጠለላቸውን ይመግባሉ። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ አብሮነት ይፈርሳል፤ ኮራሉ ይነጣል። ሲነጣ ወዲያው አይሞትም፤ እየተራበ ጥቂት ይቆያል።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ሥራዬ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። «ትንሽ ባሕር» ያልኩትን፣ ኮራልና ዓሣ የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ ስመርጥ ሁሉም ሰው «ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና ትንሽ ይበቃሻል» አለኝ። እኔ የወሰድኩት 150 ሊትር የሚይዝ፣ ርዝመቱ 91 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነው፤ አሁንም ለሚጠይቀኝ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጨውነቱም በአንድ ቀን ይለዋወጣል። ብዙ ውሃ ግን ስሕተትን ይታገሣል። እንደኔ ላለ ጀማሪ ደግሞ ከውበት በፊት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ያለው ውሃ ነው።

ሻጩ ወደ መብራቶቹ ይመራኝ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የውሃ ማጣሪያውን አሳየኝ አልኩት፤ ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። ጎሕ ሳይቀድ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት፣ በከሰል ያለፈውን ውሃ ቀድተን ክሎራሚን እንደሌለበት እንመረምራለን። ክሎራሚን የከተማው ውሃ ጀርም እንዳያፈራ የሚጨመርበት ነው፤ ብንጠጣው አይጎዳንም፣ ሆዳችን ይችለዋል። በስስ ማጣሪያ በኩል ከደም ጋር ከተገናኘ ግን ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳል። ማሽኑ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል፤ በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት የአንድ ሰው ደም ከ120 ሊትር ውሃ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። የእኔን ገንዳ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ኮራልም እንደ ታካሚዎቼ ነው፤ ከውሃው የሚከልለው ጠንካራ ቆዳ የለውም፤ ከቧንቧ የተቀላቀለ ጥቂት መዳብ እንኳ ይገድለዋል። ስለዚህ ሥራ ቦታ የማውቀውን ከሰሉንና ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለውን ማጣሪያ በትንሹ አድርጌ ለቤቴ ገዛሁ። በውሃው የሟሟውን ነገር የሚለካው መሣሪያ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ሲያሳይ ነው የባሕሩን ጨው የምበጠብጠው፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል። ቀይ ባሕር ከዚህም ይበልጥ ጨዋማ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፣ ፀሐዩም ያተነዋል። አባቴ ዋኝቶ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ጨው ይደርቅ እንደነበር ይናገራል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ፍጡርን ለራሴ ደስታ ብዬ በመስታወት መዝጋት ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን አልኳቸው። እሳቸው ተወልደው ያደጉት ደጋ ነው፤ ባሕርን ያዩት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። ይፈቀዳል ወይም አይፈቀድም ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ምን ይበላል፣ ውሃው ከየት ይመጣል እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ከዚያ «አንቺ ሥራ ስትውዪ ማን ይገዛዋል?» አሉኝ።

«ማሽን አለው አባ» አልኳቸው።

«ማሽኑ ሲሰበርስ?»

መልስ አልነበረኝም። «እግዚአብሔር ፈጣሪ ብቻ አይደለም፤ መጋቢም ነው» አሉኝ። «ፍጥረትን በስድስት ቀን ፈጸመ። መግቦቱን ግን ለአንዲት ሰዓት አላቋረጠም። አንቺ የመጀመሪያውን አትችዪውም፤ ሁለተኛውን በጥቂቱ መሞከር ትችዪ እንደሆነ አስቢና ተመለሺ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃ የምመርጠው ሲሠራ ምን ያደርጋል እያልኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ሲበላሽ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። ጥያቄው የገበያ ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች ገለበጠው።

ማሞቂያውን ልናገር፣ የተማርኩት በእሱ ነውና። መጀመሪያ የገዛሁት አንድ ባለ 300 ዋት ነበር፤ ኃይለኛ ይሻላል ብዬ። ገንዳው ውስጥ ገና ነፍስ ያለው እንስሳ ሳይገባ፣ በአምስተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ስመለስ የሳሎኑ መስኮት በላብ ተሸፍኖ አገኘሁት። የሙቀት መለኪያው 34 ዲግሪ ይላል፤ መሆን የነበረበት 25 ወይም 26 ነው። ማሞቂያው ውስጥ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ተጣብቆ ቀኑን ሙሉ ሲያሞቅ ውሏል። ነቅዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ የሞተ ነገር ሳይኖር ለምን እንዳለቀስኩ በወቅቱ አላወቅሁም። አሁን ያሉኝ ሁለት ባለ 100 ዋት ማሞቂያዎች ናቸው፤ ከውጭ ሆኖ ሁለቱንም የሚያጠፋ ሌላ መቆጣጠሪያ አላቸው። አንዱ በርቶ ቢጣበቅ ውሃውን ለማፍላት አቅም የለውም፤ ቢሞት ደግሞ ሌላው ብቻውን እስክደርስ ያቆየዋል።

የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካውንም በዚሁ ዓይን አየሁት። የሚቀዳበት ባልዲ 8 ሊትር ብቻ ይይዛል። ትልቅ ባልዲ ድካም ይቀንስልኝ ነበር። ነገር ግን ፓምፑ ሳይቆም ቀርቶ ባልዲውን በሙሉ ቢገለብጥ፣ ጨውነቱ ከ35 ወደ 33 ገደማ ነው የሚወርደው፤ ይህን እንስሶቹ ይችሉታል። የሞገድ ፓምፖቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚፈራው ቅዝቃዜን ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ኦክስጅን ነው፣ ውሃ ካልተናወጠ አይተነፍስም። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ነው የሚገቡት፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ሳይደርስ ወለል ላይ እንዲንጠባጠብ። ስኪመር የሚባለው ዕቃ የባሕር ዳር አረፋ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ቆሻሻውን በአረፋ አንሥቶ ያወጣል። መካከለኛ ዋጋ ያለው በቂ ነው።

መብራቱ ከሁሉም ይወደዳል። ሰማያዊው ኤልኢዲ ሲበራ ኮራሎቹ እንደ ፋና ስለሚያበሩ ልብ ይማርካል፤ እኔም ተማርኬያለሁ። ሆኖም ለሁለት ለሦስት ቀን ቢጠፋ አይሞቱም፤ ሰማዩ በደመና የሚዘጋበት ቀን በባሕርም አለ። ስለዚህ በዝርዝሬ መጨረሻ ላይ ገባ። ብዙ ሰዎች መጀመሪያ መብራቱን ገዝተው ለሌላው ገንዘብ ሲያጡ አይቻለሁና፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ማሞቂያው የተጣበቀው በጁላይ 2023 ነበር። በዚያው ወር ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ የውሃው ሙቀት ከ38 ዲግሪ አለፈ። በባሕር ውስጥ ኮራል ተክለው ለዓመታት ሲያሳድጉ የነበሩ ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩትን እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች አጋዙ። ዜናውን ያየሁት ሥራ ቦታ፣ በታካሚዎቹ ቴሌቪዥን ነው። በተከታዩ ዓመት ኤፕሪል ሊቃውንቱ ይህ የኮራል መንጣት መላውን ዓለም ያዳረሰና በታሪክ አራተኛው መሆኑን አስታወቁ።

የእኔን ማሞቂያ ነቅዬዋለሁ። የባሕሩን የሚነቅል እጅ የማን እንደሆነ ሳስብ ግን የእህቴ ንግግር ይመለስብኛል። ባሕርን የሚገዛው እግዚአብሔር ነው፤ እኛም እንድንገዛ ታዘናል፤ ያንን ትእዛዝ ግን ለብዙ ዘመን በገበያው ትርጉም ብቻ አንብበነዋል። ከፍዬበታለሁና የእኔ ነው ብለን። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ትንሿን ባሕሬን በ25 ዲግሪ ለማቆየት የማቃጥለው ትልቁን ባሕር ያሞቃል። ይህን ለአባም ነግሬያቸዋለሁ። አልፈቱልኝም፤ እኔም አልፈታሁትም። ዓሣዎቹ የተፈለፈሉት በሰው ገንዳ ውስጥ መሆኑን፣ ኮራሎቹም ከሌላ ሰው ገንዳ የተቆረጡ እንጂ ከባሕር ያልተነቀሉ መሆናቸውን ሳላረጋግጥ አልገዛም። ማድረግ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው፤ እንደሚያንስ አውቃለሁ።

ውሃው ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ቆየ። የእህቴ ልጅ እየመጣ «አክስቴ፣ ባዶ ውሃ ለምን ታያለሽ?» ይለኝ ነበር። ባዶ አልነበረም። በድንጋዮቹ ላይ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች እየሰፈሩ ነበር፤ አንደኛው አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። እነሱ ሳይዘጋጁ የገባ ዓሣ በገዛ ራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። በሥነ ፍጥረት ትምህርት የባሕር ፍጥረታት የተፈጠሩት ሐሙስ ነው። ብርሃኑ እሑድ፣ የብሱ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ረቡዕ፤ ቤቱ ሁሉ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ ነው እነሱ የተጠሩት። ልጅ ሳለሁ ይህን ቅደም ተከተል ለፈተና አጥንቼዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ውስጥ ይህን ያህል ርኅራኄ እንዳለ የገባኝ በዚያ ውሃ ፊት ስጠብቅ ነው።

መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎች ገቡ፤ ቀጥሎ ሁለት ክላውን ዓሣዎች፤ በሦስተኛው ወር ደግሞ ዜንያ የሚባል ለስላሳ ኮራል። ዜንያ ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን እጅ ሲጨብጥና ሲዘረጋ ይውላል። ወገኖቹ በቀይ ባሕርም አሉ። ለአባቴ በቪዲዮ አሳየሁት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ዝም አለ። «ይህን አውቀዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ስሙን ግን የነገረን አልነበረም።»

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሄድኩ። ቁልፉን ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት፤ በገንዳው ቁም ሣጥን በር ላይም በአማርኛ ጽፌ ለጠፍኩለት። ምግብ በሁለት ጣት ቁንጥር፣ በቀን አንዴ። ከ24 በታች ወይም ከ27 በላይ ካየህ በማንኛውም ሰዓት ደውል። እጅህን ሳታጥብ አታስገባ፣ አስገብተህም ሳትታጠብ ዓይንህን አትንካ። ሁለት ባልዲ አለ፤ ንጹሑ ውሃ ክዳኑ ላይ መስቀል የተደረገበት ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ ደወለ። እኔ አባቴ አጠገብ፣ ቡፌው ሥር ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነበር።

«አክስቴ፣ የመተኪያው ባልዲ ጎድሏል። ጨው ያለበትን ነው የምጨምረው?»

«አይደለም። ጨዉ እዚያው ነው፤ የተነነው ውሃው ብቻ ነው። መስቀል ካለበት ቅዳ።»

ስልኩን አንድ ቦታ ሲያስቀምጠው ተሰማኝ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ አባቴም ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ክዳኑ ሲከፈት፣ ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ ሲንቆረቆር ሰማን።