የሰው አገር ልምላሜ

ከዝናቡ በኋላ፣ ከጁባ በስተምዕራብ ያለውን ጀበል ኩጁርን ወጣን። በበጋ አመድ መስሎ የነበረው ዓለት ከየስንጥቁ ሣር አብቅሏል። አንዳችን «እንዴት ያምራል!» ቢል፣ ሌላው «ያገርህን ክረምት ረሳኸው?» አለው። ሁላችንም ዝም አልን።

በሰው አገር ልምላሜ መደሰት ክህደት ነውን? በዚህ የሚያልፈው ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ካገራችን ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ አንዱን መውደድ ሌላውን መክዳት አይሆንም።

ነገር ግን ከተራራው ግርጌ ድንጋይ እየፈለጡ፣ እየከሰከሱ ለግንባታ የሚሸጡ እናቶች አገኘን። ለእኛ ውበት የሆነው ተራራ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው። ልምላሜውን አይተን እነርሱን ሳናይ ብንመለስ፣ ክህደቱ ያኔ ነበር። ወገኖች፣ ያገር ናፍቆት የባላገሩን ድካም እንዳይጋርድብን እንጠንቀቅ። ስንወርድ ሰላም አልናቸው፤ ውሃ አቀበሉን።