የሚሰበስብ ሰው ለማን ይሰበስባል?

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ታውቃላችሁ። የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብም አይጠፋም። የቼዝ ኮምፒውተር የሚሰበስብ ሰው ግን ምናልባት ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ። የሚሰበስቡት እኛ በየቢሮው የምናውቀውን ኮምፒውተር አይደለም፤ ቼዝ ከመጫወት በቀር በዓለም ላይ ሌላ ሥራ የማያውቅ መሣሪያ ነው። ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሒሳብ አይደምርም፣ ዘፈን አያሰማም። እናንተ ጠጠር ስታንቀሳቅሱ እሱም አስቦ መልሱን በመብራት ወይም በቁጥር ይነግራችኋል። በቃ።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ወደ ነቀምቴ እስክንደርስ ድረስ ይታገሰኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።)

በ1977 ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የቺካጎ ኩባንያ «ቼስ ቻሌንጀር» የሚል መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ጨዋታው ደካማ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያው ስሪት የገበታውን ፊደልና ቁጥር አገላብጦ ነው የወጣው። ቢሆንም ተገዛ፤ ምክንያቱም የሚያጫውተው ያጣ ሰው ብዙ ነበር። ከዚያ ከሆንግ ኮንግ ኖቫግ፣ ከሙኒክ ደግሞ «ሜፊስቶ»ን የሚሠራው ሄገነር ኡንድ ግላዘር ተከተሉ። ኖቫግ በ1982 ጠጠሩን በራሱ ክንድ እያነሳ የሚጫወት ሮቦት እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። የኋላ ኋላ ግን ተራው የቤት ኮምፒውተር ገበያቸውን በላው። በ1997 «ዲፕ ብሉ» የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ሲረታ የእነዚህ የትናንሾቹ ዘመን ወደ ማብቂያው ተቃርቦ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ሁሉንም አሰልፎ ያሸንፋቸዋል።

ታዲያ ሁሉም የሚያሸንፈውን መሣሪያ በውድ ዋጋ እየገዙ መደርደር ምን ይሉታል? ሥራ መፍታት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቱም ከሰብሳቢዎቹ መካከል ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ሁለቱም ያንኑ ዕቃ ይወዳሉ፣ የሚወዱበት ምክንያት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የመጀመሪያው ብርቅነቱን ይወዳል። በዓለም ላይ ጥቂት ቀርተዋል የተባለውን ያድናል፣ ገዝቶ ከመስተዋት ጀርባ ያስቀምጣል። ኤሌክትሪክ ላይ እንኳ አይሰካውም፤ ቢበላሽስ? ነገ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ሃምሳ ያልተከፈቱ ተመሳሳይ መሣሪያዎች ተገኙ ቢባል ይህ ሰው ያዝናል። ልብ በሉ፤ የሚወደው ነገር ስለበዛ ያዝናል! ደስታው የቆመው በሌሎች ማጣት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያውን ይከፍተዋል። ሲከፍት ሁለት ጠላት ያገኛል። አንዱ ባትሪ ነው፤ ለዓመታት ከተረሳ ፈሳሹ ወጥቶ መስመሮቹን ይበላል። ሌላው ዕድሜ ነው፤ የጨዋታው ዕውቀት የተጻፈባት ቺፕ በብዙዎቹ የያዘችውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ ታፈሳለች። ቺፗ ከረሳች ሣጥኑ ምንም ቢያምር፣ ገበታው የጥቁር እንጨት ቢሆን፣ የቀረው ሬሳ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ከመርሳቷ በፊት የያዘችውን አንብቦ ይገለብጥና ለሌሎች ያካፍላል። ዛሬ ያ ጥንታዊ መሣሪያ እጁ የሌለ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ከነድክመቱ፣ ከነስህተቱ አስነስቶ ሊጫወተው ይችላል። የሚያድኑት ከፍተኛ ብቃቱን አይደለም፤ እንዴት ያስብ እንደነበር ነው።

ለመጀመሪያው ሰው ጠበቃ ልቁም። ሕግ አልጣሰም፣ የገዛው በገዛ ገንዘቡ ነው። ደግሞም እሱ ባይጠብቀው ዕቃው ቆሻሻ ላይ ተጥሎ፣ ሁለተኛው ሰው የሚከፍተው ነገር ባላገኘ ነበር። ስስትም አንዳንዴ ለትውልድ ይጠቅማል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ጠባቂ የሚመሰገነው አንድ ቀን በሩን ሲከፍት ነው። ሳይከፍት ከሞተ፣ ቺፗም አብራው ከረሳች፣ ጠብቆ ያቆየው ምኑን ነው?

ጥያቄውን ወደ አገራችን ላምጣው። የራሳችን ቼዝ ነበረን፤ ሰንጠረዥ። ነገሥታትና መኳንንት ይጫወቱት ነበር። አጀማመሩ ከየትኛውም አገር ቼዝ የተለየ ነው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። «ወረራ» ይባላል። ማሸነፍ ብቻውንም አያስከብርም ነበር፤ ንጉሡን በጉልበተኞቹ ጠጠሮች መያዝ እንደ ነውር፣ በደካሞቹ መያዝ እንደ ጥበብ ይቆጠር ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋታ የአንድ ሕዝብ የክብር ሐሳብ የተጻፈበት ቺፕ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ማን ይጫወተዋል? ሕጉን የምናውቀው እንኳ ባመዛኙ ከውጭ ሰዎች ጽሑፍ ነው። ሄንሪ ሶልት ጽፏል፣ የእንግሊዝ ቆንስላው ፕላውደን ጽፏል፣ በ1913 የቼዝ ታሪክ ጸሐፊው መሪ በመጽሐፉ አስገብቶታል፣ በ1971 ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት በጥናት መጽሔት ላይ ሰብስበው አቀረቡት። እነሱ ባይጽፉት ኖሮ ምናልባት ጥቂት የቀንድና የዝሆን ጥርስ ጠጠሮች ይቀሩን ነበር፤ እያየናቸው «ይህ ምን ነበር?» የምንላቸው ጠጠሮች። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ነቀምቴ ደረስን። ለእኔ በወለጋ ታሪክ ውስጥ ከሰብሳቢዎች ሁሉ ትልቋ አንዲት ዕቃ ያልነበራት ሴት ናት፤ አስቴር ጋኖ። በልጅነቷ ለባርነት ተጋዘች፣ በ1886 ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የተጋዘ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? ሞሰብ አይሸከም፣ ማሰሮ አይሸከም። የያዘችው ቋንቋዋን ነበር። አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙው በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባሳተሙት የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ይህን አስተውሉ፤ የሰበሰበችውን ያኖረችው ልጆች ፊደል በሚቆጥሩበት መጽሐፍ ውስጥ ነው። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው ነቀምቴ ላይ ማስተማር ጀመሩ። አስቴር እስከ 1964 ኖራለች።

እንቆቅልሽ ደግሞ ከመስተዋት ጀርባ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል «ምን አውቅልህ» የሚለው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ቼዝ ሁለት ሰው እንደሚፈልገው ማለት ነው። የአስቴር ሥራ ሁለተኛውን ሰው ለማቆየት የተደረገ ነበር። እሷ ከሰበሰበችው ሳይታተም የቀረው ግን ዛሬም ብዙ ነው ይባላል፤ እንግዲህ በሩ ገና አልተከፈተም።

ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ መልካም ነው። እኔ የማስበው ግን ስለ ሌላ ቦታ ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ ወዲህም እስከ ሻምቡ፣ ስለ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኞች። መደርደሪያቸው ላይ ለመለዋወጫ የቀሩ ቴፖች አሉ። በየቤቱ ደግሞ ካሴት አለ፤ የሠርግ፣ የሽማግሌ ምርቃት፣ ውጭ አገር ካለ ልጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ። የካሴት ክር እንደዚያች ቺፕ ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦም ይረሳል። ቺፕ የሚገለብጠውን የአውሮፓ ሰብሳቢ ሥራ እኛ ዘንድ ሊሠራ የሚችለው ማነው ብትሉኝ፣ ያ ጠጋኝ ነው እላለሁ። ደህና የሚያጫውት አንድ ቴፕና አንድ ስልክ ይበቁታል።

«ዛሬ እኮ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክም ኢንተርኔትም ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ያ ወገን ያስታውስ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ፣ በወለጋ በተከታታይ ግጭት እጅግ ብዙ ሰው፣ ኦሮሞውም አማራውም ሌላውም፣ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ሕፃን ያዘለች እናት የካሴት ሣጥን ይዛ አትሸሽም። የተቃጠለ ቤት ተመልሶ ይሠራል፤ የተቃጠለ የአያት ድምፅ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው በስተቀር መመለሻ የለውም። ለዚህ ነው «ዕቃዬ ነው፣ ለማንም አልሰጥም» የሚለው ሰው እኛ ዘንድ ከአውሮፓው ሰብሳቢ የበለጠ የሚያስፈራኝ። ያኛው ቢጠፋበት የሚጠፋው መጫወቻ ነው።

ሰው የገዛ ቤተሰቡን ድምፅ የመቆለፍ መብት የለውም ወይ? አለው። ምርቃት ሁሉ ለአደባባይ አይደለም፣ ልቅሶም እንደዚያው፤ ገበያ ላይ ይውጣ አላልኩም። ለወንድም አንድ፣ ለእህት አንድ፣ ሌላ ከተማ ላለ አጎት አንድ ቅጂ መስጠት ገመናን አያወጣም። መብትና ግዴታ አንድ ዕቃ ላይ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። የወረስነውን ነገር «የእኔ ነው» ስንል ግማሹን ብቻ ነው የተናገርነው፤ እኛም የተቀበልነው አንድ የማይሰስት ሰው ስላጋጠመን ነው።

እናም መጋዘን ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ካሴት ያላችሁ፣ ዘንድሮ አውጡት። ጠጋኙ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቤት ውስጥ አያት ካሉ ቀድማችሁ እሳቸውን ጠይቁ። ካሴቱ የሚናገረው የተቀዳበትን ብቻ ነው፤ እሳቸው ገና ያልተቀዳ ብዙ አላቸው።