የብላቴናው የገብስ እንጀራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጌታችን በምድረ በዳ አምስት ሺህ ሰው መመገቡን አራቱም ወንጌላውያን ጽፈውታል። እንጀራው የገብስ እንደ ነበረ፣ የያዘውም አንድ ብላቴና እንደ ሆነ የነገረን ግን ቅዱስ ዮሐንስ ብቻ ነው (ዮሐ. 6፥9)። የበየዳ ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ይገባዋል። አገሩ የራስ ደጀን አገር ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ አናቱ ላይ አለ። በዚያ ደጋ፣ በዚያ ውርጭ ጤፍ አይሆንም፤ ሰው የሚያድረው በገብስ ነው።

የገብስ እንጀራ የድሃ ስንቅ ነው። እንድርያስ እንኳ ቢያየው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ምንም እንደማይረባ ተናግሯል። ጌታ ግን መና ማውረድ ሲችል የልጅ ስንቅ ተቀበለ። ከአዋቂዎቹ መካከል ስንቅ የያዘ ጠፍቶ ይሆን? ወንጌሉ አይነግረንም። እጁን የዘረጋው ልጁ ነው።

ስንቅ ካልን ዘንድ፣ ደባርቅና ዳባት የምትማሩ ልጆች ነገሩን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከገጠር የመጡ ጓደኞቻችሁ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይማራሉ። ዱቄቱም ቆሎውም ድርቆሹም ከቤት ነው የሚመጣው። ዝናም ሲቀር ስንቁ ይቀራል፤ ስንቁ ሲቀር ደብተሩ ይዘጋል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በበየዳ፣ በጃን አሞራና በጠለምት ዝናሙ ቀርቶ፣ በ2016 ዓ.ም የደረሰውን ረሳነው እንዴ? ከብቱ አለቀ፤ ሰውም ቀየውን ጥሎ ተሰደደ።

አንተ በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለህ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእናትህ ሽሮ ይጠብቅሃል። አጠገብህ ለሚቀመጠው ልጅ ግን ዘጠኝ ሰዓትም አሥራ ሁለት ሰዓትም አንድ ነው። ያንተ ጾም ነው፣ የእርሱ ረኃብ ነው። ሁለታችሁን የሚያገናኛችሁ ምጽዋት ነው። ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ከተናገረ በኋላ ወዲያው በአንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት የተናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲያስረዳ እንጀራን ለተራበ መቁረስን አብሮ ያነሣል።

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ ገንዘብ ከየት አምጥተን?» ትሉ ይሆናል። ገንዘቡ ኪሳችሁ ውስጥ አለ እኮ! በዕረፍት ሰዓት ፓስቲና ሻይ የምትገዙበት ነው። ሃያ ልጆች በትምህርት ቀን አሥር አሥር ብር ቢያስቀሩ፣ በስምንቱ የጾም ሳምንታት ወደ 8,000 ብር ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ ወጣቶች 40 ሰዓት ከምግብ ተከልክለው ለተራቡ ገንዘብ የሚሰበስቡበት ልማድ አለ። እሰየው፣ ደግ ሥራ ነው። እኛ ግን 55 ቀን ጾመን የተረፈው ገንዘብ የት እንደ ገባ ሳናውቅ ፋሲካ ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ ላብ ነው። ገብስ ቆልቶ፣ ሱፍና ሽንብራ ጨምሮ፣ በስኒ እየሰፈሩ መሸጥ ለጾም የተመቸ ንግድ ነው። ከእናታችሁ አንድ ቁና ገብስ ተበደሩ፤ ከሽያጩ መጀመሪያ የእናታችሁን ገብስ መልሱ፣ የተረፈው ነው የድሃው። ጫማ መጥረግ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ሱፍ መፍተል፣ ለታናናሾች ማስጠናት፣ ሁሉም ይሆናል። ነገር ግን በሰንበት አይሁን። ትምህርትም አይቅር፤ ድሃን ለማስተማር ብሎ ራሱ ከትምህርቱ የሚቀር ልጅ አልገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በጾሙ ሦስተኛ ሰንበት፣ በምኩራብ፣ ጌታ ነጋድያንን ከቤተ መቅደስ ሲያስወጣ እንሰማለን። በስድስተኛው ሰንበት በገብር ኄር ደግሞ በመክሊቱ የነገደውን ሲያመሰግን፣ የቀበረውን ሲወቅስ እንሰማለን። ታዲያ ቆሎ መሸጥ የትኛው ነው? ነገሩ የቦታውና የልቡ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ፣ ቅዳሴ እየተቀደሰ «ቆሎ! ቆሎ!» ካላችሁ የምኩራቡ ጅራፍ ይመለከታችኋል። ከቅጥር ውጭ፣ በሥራ ቀን፣ በትክክለኛ ስፍር ከሸጣችሁ መክሊት ነው። ስፍር አጉድሎ ለድሃ መስጠት ግን ከአንዱ ድሃ ነጥቆ ለሌላው ማደል ነው።

ጥላ ዘርግቶ መንገድ ላይ መኪና እያስቆሙ መለመን ደግሞ ለእኔ አይጥመኝም። የሚሰጠው ሰው አንዳንዴ ለመገላገል ነው የሚሰጠው። ወላጆችም ልብ በሉ፤ መቶ ብር አውጥታችሁ «ይኸው ስጥ» አትበሉት። ልጁ ይድከምበት። ንጉሥ ዳዊት አውድማውን በነጻ ውሰድ ቢባል ያልደከመበትን መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ በዋጋ ገዝቶታል (2ሳሙ. 24፥24)።

ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው። መበለቲቱን በአረም፣ በአጨዳ ማገዝ፣ ወይም የአንድ አረጋዊ ቤት መክደን ሰንዱቅ አያስፈልገውም። አባቶቻችን ደቦ ሲወጡ ማን ቆጠረላቸው?

የገንዘቡ ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በቀላውዴዎስ ዘመን ረኃብ በመጣ ጊዜ የአንጾኪያ ክርስቲያኖች እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ (ሐዋ. 11፥27-30)። በሁለት ሰው እጅ መሆኑን አስተውሉ። ቅዱስ ጳውሎስም በኋላ ለኢየሩሳሌም ድሆች ሲሰበስብ ማንም እንዳይነቅፈው ብሎ ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ላከ (2ቆሮ. 8፥20-21)። ጳውሎስ እንዲህ ከተጠነቀቀ እናንተማ! ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹ በተለያየ ሰው እጅ ይሁኑ። በሁለት ሰው ይቆጠር፣ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ይግባ፣ ወጪውም ለሁሉ ይነበብ። ሐሜት ከተነሣ የሚጎዳው የሚቀጥለው ዓመት ድሃ ነው።

ደግሞ አሮጌ ልብስ አጭቆ መላክ አይቅደም። ከደባርቅ ተነሥቶ በሰሜን ተራሮች አድርጎ ድል ይብዛ እስኪደርስ የመኪናው ኪራይ ከልብሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አስቀድማችሁ በዚያ ያሉትን ካህናት ጠይቁ። እህል ከገበያው ካለ ገንዘቡ ይሂድ፤ ከሌለ እህሉ ይሂድ።

ተከራይቶ ለሚማረው ጓደኛችሁ ደግሞ ኪራዩን በመምህር ወይም በካህን በኩል ለአከራዩ ክፈሉ። በክፍል ፊት አትስጡት፣ ሲቀበልም ፎቶ አታንሡት። ከማን እንደ መጣ ባያውቅም ግድ የለም፤ ማቴዎስ 6ን አንብቡ። በሚቀጥለው ቀን አብራችሁት በአንድ ወንበር ትቀመጣላችሁና እንዳያፍር።

የመጀመሪያው ሥራ ስም መያዝ ነው። በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን ሰብሳቢና አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ከየክፍላችሁ ስንቁ የቀረበትን ልጅ በጸጥታ ቁጠሩ፤ ስንት ዱቄት፣ ስንት ኪራይ፣ ስንት ደብተር እንደሚያስፈልግ ጻፉ። ሣጥኑ ከዚያ በኋላ ይሠራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።