ግድግዳው ከመቀደዱ በፊት

ከቻግኒ ተነስቶ ግልገል በለስን አቋርጦ ወደ ማምቡክና ጉባ የሚወርደው መንገድ የሕዳሴ ግድብ ጎዳና ነው። የመኪናው ምልልስ በበዛ ቁጥር የመንገድ ዳር ቤት ይፈለጋል፤ ባለቤቱም ሳሎኑን ሱቅ፣ ጓሮውን የኪራይ ክፍል ለማድረግ ያስባል። ይህ የሚያስመሰግን ትጋት ነው። የሚያሳስበው የሥራው አጀማመር ነው። አናጺ ይጠራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ በማግስቱ ግድግዳው ይቀደዳል። ማዘጋጃ ቤት ትዝ የሚለው ጎረቤት ሲከስ ወይም ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ ነው።

«አዲስ ቤት አልሠራሁም፤ የራሴን ነው ያደስኩት» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግን የቆመን ሕንፃ ማሻሻልንም ሆነ አገልግሎቱን መለወጥን ከአዲስ ግንባታ እኩል ነው ያስቀመጠው። አዋጁ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የወጣ ሲሆን፣ ከዚያ ባነሱትም ክልሉ ሲወስን እንዲሠራ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ሳሎን ወደ ሱቅ ሲዞር አንድ ብሎኬት እንኳ ባይጨመር የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ሹም ሊያውቀው ይገባል ማለት ነው።

ቀለም መቀባት፣ የተሰነጠቀ ልስን መድፈን፣ የዛገ ቆርቆሮ በልኩ መቀየር የቤቱን አቋም አይነኩም። ቢሆንም አንዳንድ ከተሞች ለእድሳትም ፈቃድ ስለሚሰጡ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ክፍል መጨመር፣ ግድግዳ ማፍረስ፣ በረንዳውን ወደ መንገድ መግፋት፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ማዛወር፣ በቤቱ ላይ ፎቅ መደረብ ግን ያለ ፈቃድ የሚነኩ አይደሉም።

ምክንያቱ ወረቀት ማብዛት አይደለም። በጭቃ ቤት ውስጥ ጣሪያውን የሚሸከሙት በግድግዳው ውስጥ የተተከሉት ቋሚዎች ናቸው። ሰፊ የብረት በር ለማስገባት ሦስት አራቱ ሲቆረጡ ሸክሙ ወደ ቀሩት ይዞራል። ግልገል በለስ እንዳለችበት እንደ መተከል ባለ ቆላ ደግሞ የቀሩትን ምስጥ በልቷቸው ሊሆን ይችላል፤ ከልስኑ ሥር ስለሆኑ ለዓይን አይታዩም። በክረምት ጭቃው ውኃ ሲጠጣ ጉዳቱ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የሚተኙት ልጆች ናቸው።

ባለ ኮለን ሕንፃም ከዚህ አያመልጥም። በደቡብ ኮሪያ ሴኡል የሳምፑንግ የገበያ አዳራሽ መጀመሪያ የታሰበው ለመኖሪያ ነበር። ወደ ገበያነት ሲለወጥ ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ለማግኘት ኮለኖች ተነሱ፤ በፕላኑ ያልነበረ አምስተኛ ፎቅ ተደረበ። ሥራ ተቋራጩ አልሠራም ቢል በሌላ ተተካ። በፈረንጆች 1995 ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ሥራ አስኪያጆቹ እያዩ ገበያውን ሳይዘጉ ዋሉ፤ አመሻሹ ላይ ሕንፃው ተደርምሶ 502 ሰዎች አለቁ። ግልገል በለስ ውስጥ የዚያን ያህል ሕንፃ የለም፤ ኮለን ሲነሳ ሸክሙ መሄጃ ማጣቱ ግን በአንድ ፎቅም ያው ነው።

የጓሮው ጉዳይ ከዚህ ያላነሰ ነው። የኪራይ ክፍል ሲበዛ ተጠቃሚ ይበዛል፤ መጸዳጃው ይሞላል፤ አዲስ ጉድጓድ ባለው ጠባብ ቦታ ይቆፈራል። ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። ውኃው ያለው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ከሆነ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል፤ ቦታውን መጥቶ የሚያይ ባለሙያ ግን ይጠይቃል። የጣሪያው ፍሳሽ በማን ግቢ እንደሚወርድ፣ የመብራት መስመሩ ከአዲሱ ቆርቆሮ ምን ያህል እንደሚርቅም እንዲሁ።

ተጠያቂነቱም የባለቤቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ጉዳቱን አስቀድሞ መገመት አልተቻለም ማለት እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም። «አናጺው ነው የቆረጠው» የሚለውማ ከዚህ በፊት ይወድቃል።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ተፈናቅሎ ለተመለሰ ሰው ይህን ሁሉ መንገር ሊከብድ ይችላል። ቤቱ ፈርሶ ያገኘ አባወራ ልጆቹን ከዝናብ ማስጠለል ይቀድምበታል፤ ትክክልም ነው። የሚጠበቅበት ጊዜያዊ መጠለያውን በዚያው አለመተው፣ ቋሚ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። ለአንድ ክፍል ሳምንታት የሚያመላልስ ቢሮ ሕዝቡን በሌሊት እንዲሠራ ይገፋዋል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ራሱ በሁለት ኮለን መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤትን በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ» አስቀምጦት ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስፈልጉት ሰነዶችና ክፍያው በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋዎችም በሩ ላይ ቢለጠፉ፣ ባለጉዳዩ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። ውሳኔው ቅር ለሚያሰኘውም ያው አዋጅ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ አበጅቶለት ነበር።

ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ ስለሚጠነክር ማመልከቻው በበጋ ቢገባ ይመረጣል። ባለቤቱ የይዞታ ካርታውን፣ ያለውን ቤትና የሚለወጠውን ክፍል በልኬት የሚያሳይ ንድፍ ይያዝ፤ ሕጉም ይሻሻላልና የዓመቱን መስፈርት እዚያው ይጠይቅ። ከአናጺው ጋር ዋጋ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።